ጋፋት፦ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ማቅለጫና ባለሙያዎቿ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ከባድ መሣሪያ በአገር ውስጥ ለማምረት የመረጧት መንደር ናት። በዚያ የሠሩት የውጭ ሰዎች ግን መድፍ ሠሪ ሆነው አልመጡም፤ አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ ባለው የቅዱስ ክሪስቾና ሚስዮን የሠለጠኑ የጀርመንና የስዊዘርላንድ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ሚስዮኑ ከ1840ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ይልካቸው የነበረው በእጅ ሙያቸው ራሳቸውን እያስተዳደሩ ወንጌል እንዲያስተምሩ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ጀርመናዊው ካርል ዛልሙለር እንዲሁም ቤንደርና ማየር ከእነዚህ ይቆጠራሉ፤ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም በሥራው ተሳትፈዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙ ጊዜ ባለሙያዎቹ ጥበቡን እንደማያውቁት ተናግረው ነበር፤ ሆኖም አገልጋዮቻቸው እስከ መታሰር ስለ ደረሱ ለመሞከር ቃል ገቡ። ሙከራው ቀላል አልነበረም። የቀለጠ ነሐስ የሚፈስበት የሸክላ ቅርጽ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት፣ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ቅርጹን ያፈነዳዋል፤ የምድጃው ሙቀት ካነሰ ደግሞ ነሐሱ ቅርጹን ሳይሞላ ይረጋል። ለትልቅ መድፍ የሚበቃው ነሐስ ሁሉ እኩል ቀልጦ ሳይቋረጥ መፍሰስ ስላለበት፣ ከሰሉም እሳቱም ጊዜውም በአንድ ላይ መገጣጠም ነበረባቸው። መጀመሪያ ከሽፏል፤ ደጋግመው ሞክረው ተሳካላቸው። ንጉሡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ፊደልና ሙያ እንዲማሩ ወደ መንደሯ መላካቸው ከመድፉ ያላነሰ ክብር የሚገባው አሳብ ነው።

በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር የእንፋሎት መርከብን አብነት በማድረግ፣ በሰው ጉልበት የሚዞር መንኮራኩር የተገጠመላቸው የደንገል ጀልባዎች መሠራታቸውም የዚሁ ጥረት ሌላ ገጽታ ነው። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» በጋፋት ተሠራ፤ እርሱም ሞርታር፣ ማለትም ጥይቱን ወደ ላይ ወርውሮ ከግንብ ማዶ የሚጥል፣ አፈ ሰፊና አጭር መድፍ ነው። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለትና በብዙ መቶ ሰዎች እየተጎተተ፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ የንጉሡ ምሽግ ወደ ነበረችው መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሲያልፉ የጋፋት ባለሙያዎች መቅደላን ከወጋው የእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ምድጃውን የሚያስቀጥል ገዥም ገንዘብም አልተገኘም። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1873 የብሩማናን ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም የአስፉሪዬን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። የጋፋት ደንበኛም ባለቤትም አንድ ንጉሥ ብቻ ሲሆኑ፣ የሊባኖሶቹን ተቋማት ግን ከልዩ ልዩ አገር የተውጣጡ ደጋፊዎች ይረዷቸው ስለነበር ከመሥራቻቸው ሞት በኋላም ሥራቸውን ቀጥለዋል።