ኩንዛይት፦ ፀሐይ የሚያደበዝዘው የከበረ ድንጋይ

የከበረ ድንጋይ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ዘመን የማይለውጠውን ነገር ይሆናል። ኩንዛይት የሚባለው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ድንጋይ ግን ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አይስማማም። በጠራራ ፀሐይ ዘወትር ቢደረግ መልኩ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ውሎ አድሮም ቀለም የለሽ መስተዋት መስሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጠባዩን ያላወቀ ባለቤት ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን ውበት በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

ድንጋዩ እ.ኤ.አ. በ1902 በካሊፎርኒያ፣ ፓላ በተባለች ስፍራ ተገኘ። ምንነቱን መርምሮ የለየው ጆርጅ ፍሬደሪክ ኩንዝ የተባለ የከበሩ ድንጋዮች ሊቅ ነው፤ በ1903 ኬሚስቱ ቻርልስ ባስከርቪል በዚሁ ሰው ስም ኩንዛይት ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ በአፍጋኒስታን፣ በብራዚልና በማዳጋስካርም ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ኩንዛይት ራሱን የቻለ ማዕድን እንዳይመስላችሁ። ስፖዱሚን የተባለው ማዕድን አንዱ ዓይነት ነው። ስፖዱሚን ከሊቲየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክሲጅን የተገነባ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ መልኩ አመድማ ነው፤ ስሙም «ተቃጥሎ አመድ የሆነ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ተራ ስፖዱሚን በአገራችንም በጉጂ ምድር፣ በቀንጢቻ ይገኛል። የሚፈለገው ግን ለባትሪ መሥሪያ በሚያገለግለው ሊቲየም ምክንያት እንጂ ለጌጥነት አይደለም። ያንኑ አመድማ ማዕድን ወደ ሐምራዊነት የሚለውጠው በውስጡ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ማንጋኒዝ ነው።

ኩንዛይትን በእጃችሁ ይዛችሁ ብታገላብጡት ሌላ የሚያስደንቅ ነገር ታያላችሁ። ከጎኑ ስትመለከቱት የፈዘዘ ይመስላል፤ በርዝመቱ በኩል ከጫፉ ስትመለከቱት ግን ቀለሙ ይደምቃል። ስለዚህ ድንጋይ ጠራቢው የጌጡን ፊት በዚያ በደማቁ አቅጣጫ ላይ ማዋል አለበት፤ አቅጣጫውን ከሳተ ግሩም የነበረው ድንጋይ ተራ ይሆንበታል።

የጠራቢው ችግር በዚህ አያበቃም። «ጠንካራ» የሚለው ቃል በማዕድን ጥናት ሁለት ነገሮችን ሊያመለክት ስለሚችል እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አንደኛው መጫርን መቋቋም፣ ሁለተኛው መሰበርን መቋቋም ነው። ኩንዛይት በሞህስ ሚዛን ከ6.5 እስከ 7 ስለሚደርስ የብረት ቢላዋ አይጭረውም። ነገር ግን በሁለት አቅጣጫዎች እንደ ደረቅ እንጨት በቀላሉ ይሰነጠቃል። ሲጠረብ ወይም ወለል ላይ ሲወድቅ በእነዚህ መስመሮች ለሁለት ሊከፈል ይችላል። መጫርን የሚቋቋም ሁሉ ምትንም ይቋቋማል ብሎ በመዶሻ የሚፈትን ሰው ኪሳራው የራሱ ነው።

ባለቤቶቹም ከፀሐይና ከኃይለኛ ሙቀት አርቀው፣ በጨለማ ሣጥን ያኖሩታል፤ ብዙውን ጊዜም የሚያጌጡበት ከመሸ በኋላ ነው። በዚህም የተነሣ አንዳንድ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች «የምሽት ድንጋይ» ይሉታል፤ ይህም መጠሪያ ከሊቁ ስም ይልቅ ጠባዩን የሚገልጽ ይመስለኛል።