ባለስድስት ጎማ ምክር ለባለሁለት ጎማ

በመርካቶ በነጻ የሚገኝ ነገር ቢኖር የአውቶቡስ ተራ ምክር ነው። ሻንጣውን ከኋላ ጠፍሮ፣ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ አጠገብ ቆም ያለ ሞተረኛ፣ ሹፌሩም ረዳቱም ጫኝና አውራጁም ስለሚሄድበት መንገድ የሚነግሩት አያጡም። ደግሞም እንዲሁ የሚያወሩ ሰዎች አይደሉም፤ ጎጃምንና ወለጋን እንደ ሰፈራቸው የሚያውቁ ናቸው። ችግሩ ምክራቸው የተፈተነው በስድስት ጎማ ላይ መሆኑ ነው። አውቶቡስ ቆሞ አይወድቅም፤ ጣሪያው ላይ ጭነት ቢቆለልበት ይችለዋል፤ ፍሪሲዮኑም ከሞተሩ ዘይት ጋር አይገናኝም። ሞተር ሳይክል በሦስቱም ተቃራኒው ነው። እዚህ ያነሳኋቸው አባባሎች በተራውና ወደ ሶማሌ ተራ በሚያወርዱት የመለዋወጫ ሱቆች ደጃፍ የሚሰሙ ናቸው። አንዳንዶቹ ገንዘብ ያስወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ሰው ይገድላሉ።

"የፊት ፍሬን አትንካ፣ ይገለብጥሃል"

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው። ሞተር የሚያስተምሩ ሰዎች ሳይቀሩ ይሉታል። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩም የነጂውም ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊት ጎማ አስፋልቱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ መሬት መቆንጠጥ አይችልም። ስለዚህ የኋላ ፍሬን ብቻ የረገጠ ሰው ጎማው ይቆለፍና እየተንሸራተተ ወደሚፈራው ነገር ይሄዳል እንጂ አይቆምም። በደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛው የማቆሚያ ኃይል የሚገኘው ከፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመውና በሃሪ ኸርት የተመራው ጥናት በሎስ አንጀለስ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሯል። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ አብዛኞቹ ነጂዎች በጭንቅ ሰዓት የኋላውን አብዝተው ረግጠው ጎማውን ማንሸራተታቸው፣ የፊቱን ግን በሚገባው ልክ አለመጠቀማቸው ነው። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ሞተር የተማሩት ራሳቸውን አስተምረው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ ነበር። የእኛን ሰው የሚመስል ሥዕል ነው።

ተረቱ ግን ከባዶ አልመጣም። የፊቱን ፍሬን በድንጋጤ ጨምድዶ የያዘ፣ ወይም መሪው ተጠምዝዞ ሳለ፣ ወይም ጠጠር ላይ የያዘ ሰው በእርግጥ ይወድቃል። መፍትሔው በመጀመሪያ ቀለል አድርጎ መያዝ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲደርስ እየጠነከሩ መሄድ ነው። በፒስታ መንገድና በጭቃ ላይ ሚዛኑ ይለወጣል፤ እዚያ የፊቱ በጣት ጫፍ፣ የኋላው ደግሞ በዋናነት ይሠራል። ይህን የሚለማመዱት ጭነቱን ጭነው፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ነው። ሱሉልታ ላይ በግ ሲሻገር መለማመድ አይቻልም።

"ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ውረድ፣ ቤንዚን ትቆጥባለህ"

የጎጃም መንገድ ጎሐ ጽዮን ላይ ሜዳው ያልቅና የአባይ በረሃ ይከፈታል። እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ገደማ ይጥላል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት ነው። አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት የጎበጠ፣ በየመታጠፊያው የከባድ መኪና ዘይት የሚጠብቅበት መንገድ ነው። እዚህ ላይ ሞተር አጥፍቶ ወይም ዜሮ አግብቶ መውረድን እንደ ብልሃት የሚቆጥሩ አሉ። (ጥሩ የአውቶቡስ ሹፌር ይህን ምክር አይሰጥም፤ የሚሰጡት ከሹፌሩ ጎን የተቀመጡት ናቸው።)

ከ1,400 ሜትር ላይ የሚወርድ ክብደት ጉልበቱን አንድ ቦታ ማራገፍ አለበት። ማርሽ ውስጥ ከሆነ ሞተሩ ይይዘዋል። ዜሮ ከሆነ ግን ሁሉም ነገር ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የፍሬን ሸራ ከልኩ በላይ ሲግል መያዝ ይተዋል። የዘይት ፍሬን ያለው ሞተር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፦ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ መያዣው ላላ ብሎ እስከ መሪው ይገባል፣ ሞተሩም አይቆምም። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው።

ቤንዚኑስ? በአዲሶቹ ባለኢንጀክሽን ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ቤንዚኑ ጭራሽ ይቋረጣል። ዜሮ የገባው ሞተር ግን እንዳይጠፋ ብቻ መጠጣቱን ይቀጥላል። ቆጣቢው የቱ እንደሆነ እንግዲህ ግልጽ ነው። በካርቡሬተር ሞተር ላይ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ቁልቁለቱን ሽቅብ ቢወጡት በሚያስገቡት ማርሽ ይውረዱ።

"በረሃ ስትደርስ ጎማህን አስተንፍስ"

ምክሩን የወለደው ሙቀት ጎማ ያፈነዳል የሚለው ፍርሃት ነው። ጎማን ይበልጥ የሚያግለው ግን የአየር ማነስ ነው። የላላ ጎማ በየዙሩ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ሙቀቱም ከዚያው ይወለዳል። በጭነት ላይ የኋላው ጎማ ከወትሮው በላይ አየር ይፈልጋል፤ ልኩ ብዙ ጊዜ ካቴናው አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የሚለካውም ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳ ነው።

አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ከደጋ ወደ አባይ ታች ሲወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር የጎማው መለኪያ ወደ ሁለት ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። የበረሃው ሙቀት ደግሞ መልሶ ይጨምረዋል። ሁለቱ ይቻቻላሉ፤ ማንም ምንም ማስተንፈስ አያስፈልገውም።

"ሞተሩ እንጦጦ ላይ የደከመው ስላረጀ ነው"

ቀዳዳ የሌለበት ቦታ ቀዳዳ የሚፈልግ መካኒክ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ነው፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ፋብሪካው የጻፈውን የፈረስ ጉልበት መርካቶ ላይ ሙሉውን ያየው ሰው የለም። ዳገቱ ላይ አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ በቂ ነው።

የሚያሳስበው ተቃራኒው ጉዞ ነው። ካርቡሬተሩ ለአዲስ አበባ ቀጭን አየር ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር ወደ አፋር ወይም ወደ መተማ ቢወርድ፣ አየሩ ወፍሮ ቤንዚኑ ያንስበታል፤ ከልኩ በላይ ይግላል። ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ይበቃል፦ የጠቆረ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ የነጣ ከሆነ አንሷል፣ ቡናማ ከሆነ ይንዱት።

"ዘይት ዘይት ነው"

እዚህ ላይ የአውቶቡስ ሰው ምክር ሙሉ በሙሉ ይስታል። በመኪና ፍሪሲዮኑ ለብቻው ደረቅ ቤት አለው። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ግን ፍሪሲዮኑና ማርሹ የሚዋኙት በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማለስለሻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ጭነት ይዘው ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ጣሳው ላይ መፈለግ ያለበት ጃሶ ኤምኤ የሚለው የጃፓን ምልክት ነው። አነስተኛ ሞተሮች የሚይዙት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ያችው ትንሽ ዘይት ቶሎ ትደክማለች፤ ከመንገድ በፊት ይቀየር። ማኅተሙ የተነካ ጣሳ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይለፍዎ።

ካቴናውም ከዚሁ ይቆጠራል። "ጥብቅ ሲል ያምርበታል" የሚሉት ስህተት ነው። ሻንጣና ሰው ሲጫን የኋላው እግር ይንቀሳቀስና ካቴናው የበለጠ ይወጠራል፤ አስቀድሞ የተወጠረ ከሆነ ኩሽኔታውን ይበላል። የአብዛኞቹ ሞተሮች መመሪያ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ላላ ይበል ይላል። በላምባ ይጸዳል፣ ማታ ሞቅ እንዳለ ዘይት ይቀባል። ግራሶ ግን አሸዋ ይሰበስባል።

"ጭነት ከፍ ሲል አያስቸግርም"

ፖርቶመጋላ ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካንና በግ ሲደረድር የሚውል ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ሞተር ላይ ግን ከኋላ ጎማው መሃል አልፎ የተጫነ ክብደት ፊቱን ያነሳዋል፤ መሪው ይቀላል፣ መታጠፊያ ላይ ይዋልላል። ከባዱ ነገር ወደ ታችና ወደ ነጂው ይጠጋ፤ ከላይ ልብስ ብቻ ይቀመጥ። ከካላማዳሪ የተቆረጠ የጎማ ገመድ ርካሽና ጠንካራ ነው። ጫፉ ግን ይታሰር፦ ካቴና ውስጥ የገባ ገመድ ጎማውን በአንድ ጊዜ ይቆልፈዋል።

"ሌሊት የወጣ ይቀድማል"

አውቶቡሱ ይቀድማል። ሰፊ መብራት አለው፣ ከፍ ብሎ ያያል፣ ውሻ ቢመታም አይወድቅም። ሞተረኛው ግን በጨለማ የሚያገኘው መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልቱ ሞቆት የተኛ ከብት፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ተበላሽቶ ለቆመ መኪና ምልክት ተብሎ የተደረደረና መኪናው ሲነሳ እዚያው የቀረ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ለአውቶቡስ መንገጫገጭ ነው፣ ለሞተር ግን መገልበጥ። ከነጋ በኋላ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጥቶ ከ11 ሰዓት በፊት መግባት ይሻላል።

የተራው ሰዎች ከማንም በላይ የሚያውቁት ሌላ ነገር ግን አለ፦ የትኛው መንገድ ዛሬ ክፍት ነው፣ የትኛው ትናንት ተዘግቷል። ትኬት የማይቆረጥበት አቅጣጫ ካለ ምክንያት አለው። እዚያ ላይ ቃላቸውን ሳይከራከሩ መቀበል ነው።

"ሄልሜት ጆሮ ይደፍናል፣ አንገት ይሰብራል"

ሁለቱንም የኸርት ጥናት አይደግፋቸውም፤ ሄልሜት ያደረጉት ነጂዎች የአንገት ጉዳታቸው አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመው የኮክሬን ዘገባ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። የዓረቢያው ሎረንስ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ያለ ሄልሜት ከሞተር ወድቆ ሲሞት ከሐኪሞቹ አንዱ የነበረው ሂው ኬርንስ ነገሩን ተከታትሎ እስከ ማጥናት ደረሰ፤ የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞች ሄልሜት የለበሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ማሰሪያው አገጭ ሥር ካልተቆለፈ ግን ለጎዳና ጌጥ ነው፤ ሰውየው ሳይወድቅ ሄልሜቱ ይወልቃል። የሰልባጅ ሄልሜት አልመክርም። ውስጡ ያለው ፎም የሚጨፈለቀው አንድ ጊዜ ነው፣ ያለፈ ግጭቱም ከውጭ አይታይም። የሰልባጅ የቆዳ ጃኬት ይሻላል፣ ስፌቱ ድርብና ቆዳው ወፍራም ከሆነ። ለሽርሽር የተሰፋው አስፋልት ላይ ወዲያው ይቀደዳል። በረሃ ሲደርሱ ዚፑን ይክፈቱት እንጂ አያውልቁት።

"መለዋወጫ በየከተማው አለ"

ለመኪና አለ። የቦክሰርና የቲቪኤስ ሞተሮች ዕቃም ብዙ ቦታ ይገኛል። ከዚያ ውጭ ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ከሚጠብቁ መርካቶ ላይ ቢገዙ ይሻላል። ጎሚስታ የሌለበት ከተማ የለም፤ በልክዎ ካላማዳሪ ያለው ግን ጥቂቱ ነው። ለሁለቱም ጎማ አንዳንድ ካላማዳሪ፣ አንድ ካንዴላ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ፊውዝ፣ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ይያዙ። ትልቅ ሞተር የግድ አይደለም፤ ዓለምን በሞተር የዞረው ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ 45 አገሮችን በአራት ዓመት ያዳረሰው በ500 ሲሲ ትራየምፍ ነው፤ እሱም በየመንገዱ እየተበላሸ፣ በየመንገዱ እየተጠገነ።

የፍሪሲዮን ገመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው መሪው ጋ ነው። አዲሱን ገዝተው ቤት ሳሉ ከአሮጌው ጎን ለጎን ዘርግተው በፕላስተር ያስሩት፤ መንገድ ላይ ሲበጠስ ታንከር ማውረድ ሳያስፈልግ ሁለቱን ጫፍ ብቻ አውጥቶ መሰካት ይበቃል።