አረፋው ውስጥ ምን አለ?

በደብረ ታቦር በኬሚስትሪ መምህርነት ስሠራ፣ ስለ ቁስ አካል ለውጥ የሚናገረው ምዕራፍ ከመጀመሩ አስቀድሜ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የማቀርበው፣ ማርክ የማይያዝበት አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው፣ ተጥዶ በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ከድስቱ ሥር እየተነሣ የሚወጣው አረፋ በውስጡ የያዘው ምንድን ነው የሚል ሲሆን፣ አማራጮቹም አየር፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን፣ የውኃ ተን፣ ሙቀት ብቻ የሚሉ ናቸው። ተማሪው ከእነዚህ አንዱን ከመረጠ በኋላ «ምክንያቱም» ብሎ በብጣሽ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ይጽፋል፤ ስሙን እንዲጽፍ ግን አይገደድም።

የተመረጠው ፊደል ብቻ ቢቈጠር ኖሮ መምህሩ አንዳች ሳይጠረጥር ወደሚቀጥለው ትምህርት በተሻገረ ነበር፤ ምሥጢሩ የሚገለጠው ግን ከፊደሉ ሥር ባሉት ሁለት መስመሮች ነው። «የውኃ ተን» ብሎ ትክክለኛውን የመረጠ አንድ ተማሪ «ምክንያቱም ውኃው በእሳት ኃይል ተለያይቶ ስለሚቀል ነው» ብሎ ጽፎ አግኝቻለሁ፤ ይህ ልጅ በአፉ ተን ይበል እንጂ በዐይነ ኅሊናው የሚያየው የተበታተነ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው፤ በፈተና ቢሆን ሙሉ ነጥብ አግኝቶ ስሕተቱን እንደ ያዘ ዐሥረኛ ክፍል ይገባ ነበር። በአንጻሩ «አየር» ብላ የሳተች ልጅ «ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ አየር ስላለ ነው» ስትል ጽፋለች፤ ውኃ ገና መሞቅ ሲጀምር በድስቱ ግድግዳ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች በእርግጥ ሟሙቶ የነበረ አየር በመሆናቸው፣ የዚህች ልጅ አሳብ ከእውነቱ ደጃፍ የደረሰ ነው። ያንኑ ፊደል የመረጠ ሌላ ተማሪ ደግሞ «እሳት ውኃን ወደ ነፋስ ይለውጠዋል» ይላል።

ይህን የመጨረሻውን ቃል በቸልታ ማለፍ አይገባም። በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጥላ ሥር ንባብና ዳዊት ተምሮ ወደ እኛ የመጣ ልጅ፣ የሰው ሥጋ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ ከአራቱ ባሕርያት መፈጠሩን በልቡ ይዞ ነውና፣ ውኃ ወደ ነፋስ ተለወጠ ማለቱ ከስንፍና ሳይሆን ከማሰብ የመነጨ ነው። ያ ትምህርት ስለ ሰው ፍጥረትና ስለ ፈጣሪ ጥበብ የሚናገር እንደ ሆነ፣ በድስቱ ውስጥ ያለውን ሞለኪውል የሚመረምረው ትምህርት ግን ሌላ ጥያቄ እንደሚጠይቅ በአክብሮት ሊነገረው ይገባል፤ የሚናቅበት ልጅ ዳግመኛ የልቡን አይጽፍልንም።

ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚለው መልስ ግን ከልማድም ከቤትም የመጣ አይደለም፤ ምንጩ እኛ ራሳችን ነን፤ ሃይድሮጅንን በስሙ የማያውቅ ሕፃን እንዲህ ብሎ ሊሳሳት አይችልምና፣ ይህ ስሕተት ወደ ልጁ የሚገባው ከፎርሙላው ጋር ተያይዞ ነው። ኦስቦርንና ኮስግሮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ባሳተሙት ጥናት የኒውዚላንድ ልጆችም ስለዚሁ አረፋ ተጠይቀው እንደ እኛዎቹ መመለሳቸውን አሳይተዋል፤ መልስንና ምክንያትን በሁለት እርከን የመጠየቁንም ስልት አውስትራሊያዊው ዴቪድ ትሬገስት በ1988 አደራጅቶ ጽፎታል።

ወረቀቶቹ በየምክንያታቸው ከተለዩ በኋላ፣ የማንንም ስም ሳልጠራ ምክንያቶቹን በሰሌዳ ላይ ጽፌ ለክርክር አቀርባቸዋለሁ። በአንድ እንዲህ ባለ ክርክር፣ ከደራ የመጣ ልጅ እጁን አንሥቶ «ይፈቀድልኝ መምህር፤ ወንዛዬ በማለዳ ከፍል ውኃው ላይ ተን ይነሣል፤ ሰው ግን ገብቶ ይታጠብበታል፤ ውኃ ሳይንተከተክም ይተናል ማለት ነው፤ ደግሞስ የሚወጣው ሃይድሮጅን ቢሆን ኖሮ፣ ከድስቱ ሥር እሳት እየነደደ ማድ ቤቱ አይፈነዳም ነበር ወይ?» አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እናቷ አረቄ ስታወጣ የምታየውን አከለችበት፤ ከጋኑ በተን የወጣው በመቃው አልፎ ሲቀዘቅዝ ያው አረቄ ሆኖ ይንጠባጠባል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። ከዚያ በኋላ ለእኔ የቀረልኝ፣ ውኃ በሙቀት ብቻ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ጉልህ በሆነ መጠን እንዲለያይ ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደሚያስፈልግ መንገር ብቻ ነበር።

የሚፈላውን ውኃ በቴርሞሜትር ስንለካም ሌላ የተሰወረ አሳብ ይገለጣል፤ በደብረ ታቦር ከፍታ፣ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ላይ፣ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሦስት አራተኛ ጥቂት ያነሰ ነውና። ተማሪዎች ቴርሞሜትሩ 100 ሳይደርስ ሲቆም አይተው «ተበላሽቷል» ይላሉ፤ መጽሐፉን አምነው ዐይናቸውን ይክዳሉ። ይህም ያለ ማርክ ካልተጠየቀ የማይገኝ ዕውቀት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ደንግጓል፤ በየክፍሉ ግን ከጊዜ ብዛት ከዐሥር የሚታረም፣ ከሃያ የሚታረም የማርክ ማጠራቀሚያ ሆኖ ቀረ። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገር ደነገጠ፤ ያ ፈተና ግን ልጆቹ መውደቃቸውን እንጂ በየትኛው አሳብ ላይ እንደ ተሰናከሉ አልነገረንም፤ ሊነግረንም አልተሠራም።

ለዚህ አካባቢ ሰው ስሕተትን ለማቃናት መጠየቅንና ማዕርግ ለመስጠት መፈተንን ለይቶ ማወቅ እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤት የሰበረበትን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማበትን እያቃና ይመልሰዋል፤ በዚያ ሰዓት የሚሰጥ ማዕርግ የለም። ምስክርነቱ የሚመጣው ኋላ ነው፤ የድጓው ሊቅ ወደ ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ወደ ዙር አምባ፣ ሁለቱም ወደ ጋይንት ሄደው ያስመሰክራሉ። ይህን የቅኔ ነገራ ትቶ ምስክርነቱን ብቻ የሚያበዛ ጉባኤ አላየሁም፤ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ይህንኑ እያደረግን ነው።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው ይህ ነው፤ በየምዕራፉ መግቢያ «ምክንያቱም» የሚል መስመር ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ማርክም አትጻፉበት። ርእሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮችም በማርክ መዝገብ ያልሰፈረውን ያን ሰዓት እንደ ባከነ አትቍጠሩብን።