ጥቁር ደረሰኝ ብሎ ማዘን ለምን?

እኛ በሁርሶ የምንገኝ እጩ መምህራን ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ቼዝ እንጫወታለን። ታዲያ በዕጣ ጥቁር የደረሰው ሁሉ ፊቱ ይጠቁራል። «ነጭ ቀድሞ ይጀምራል፤ እኔ አለቀልኝ» ይላል። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ ይህ ለቅሶ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበርና። ይኸውም «ወረራ» ይባላል። በቼዝ ግን ጥቁር ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው።

ሁለተኛ መሆን መሸነፍ አለመሆኑን ለማየት አንድ ያረጀ ጨዋታ በሰሌዳችን ላይ ደገምነው። ጨዋታው የተደረገው በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1927) ኒውዮርክ ላይ፣ ስድስት ሰዎች በተወዳደሩበት ግጥሚያ ነው። ነጭ አሮን ኒምዞቪች፣ ጥቁር የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ኩባዊው ካፓብላንካ።

ካፓብላንካ የመረጠው ካሮ-ካን የተባለውን መከላከያ ነው። ጥቁር በመጀመሪያ አንዲት ወታደር አንድ ቤት ብቻ ያስጠጋል፤ በሁለተኛው ተራ በእርሷ ተደግፎ መሀል ሜዳው ላይ ይቆማል። ነጭ ወታደሩን ገፍቶ አለፈ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በራችንን ቶሎ ዘግተን በሰያፍ የሚሄደውን ቢሾፕ ከውስጥ እንቆልፍበታለን። ካፓብላንካ ግን መጀመሪያ ቢሾፑን አወጣ። ኒምዞቪችም በራሱ ቢሾፕ ተጋፈጠውና ተበላሉ። በሩ የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቁር የሚያስቸግረውን ጠጠር ሰጥቶ ነጭን ጥሩውን አሳጣው ማለት ነው።

ነጭ ለማጥቃት ሲል የንጉሡን ጠባቂ ወታደሮች ገፋ። ወታደር ደግሞ ወደኋላ አይመለስም፤ የተዉት ቤት ጠባቂ አጣ። (እዚህ ላይ አንዱ ጓደኛችን «ይሄማ እኔ ነኝ!» ብሎ አሳቀን።) ጥቁር አልቸኮለም። ፈረሱን እዚያው አሳረፈ፤ ሁለቱን ሩኮች የራሱ ወታደር በሌለበት መስመር ደረደረ። በ33ኛው ተራ አንዱ ሩክ በነጭ ሜዳ ውስጥ ተተከለ፤ የሚያባርረው ወታደር አልነበረም። ኒምዞቪች ያን ሁሉ ጊዜ ሩኩን ወዲያ ወዲህ ያመላልስ ነበር። የባላጋራን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ስለመግታት በመጽሐፍ ያስተማረ ሰው እኮ ነው!

ከዚያ ንግሥቲቱ በነጭ ጀርባ ገባች፤ ሩኩም ተከተላት። በ46ኛው ተራ ነጭ የቱንም ቢያነሳ የሚጎዳው ራሱን ሆነ፤ ጀርመኖች ይህን ጹግጽቫንግ ይሉታል። ኒምዞቪች እጁን ሰጠ። በዚያች ሰዓት የሁለቱም ጠጠር እኩል ነበር፦ አንድ ንግሥት፣ አንድ ሩክ፣ ስድስት ወታደር።

ነጭ ሌላ መንገድ ነበረው ወይ በሚለው አልተስማማንም። ቅዳሜ ማታ ከ23ኛው ተራ ጀምረን እንሞክረዋለን። ጥቁሩን ማን ይወስዳል?