የጓሮ ዱባን ከአመዳይና ከተባይ ስለ መጠበቅ

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ከተሞች የጓሮ ዱባ ብዙ ድካም አይጠይቅም ተብሎ ይታሰባል። ዘሩ ፍግ በተከመረበት ዳር ይቀበራል፤ ሐረጉ አጥሩ ላይ ይወጣል ወይም በበቆሎው መካከል ይሳባል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ዝናቡ እስካለ ድረስም ተክሉ ያለ ተንከባካቢ ያድጋል። ችግሩ ብቅ የሚለው ዝናቡ ሲያባራ ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛና ጤዛማ ሲሆን፣ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች በቅጠሉ ላይ ይታያሉ። ይህ በሽታ አመዳይ ይባላል። ስሙ አመድን ቢያስታውስም መልኩ ይበልጥ ለዱቄት ይቀርባል።

አመዳይ ሕይወት ያለው ፈንገስ ነው። በቅጠሉ ገጽ ላይ ተንሰራፍቶ የተክሉን ምግብ ይመጥጣል፤ ብናኙም በነፋስ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይጓዛል። ብዙ ሰዎች በሽታውን ያመጣው የክረምቱ ዝናብ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የተክል ፈንገሶች ለመብቀል የውሃ ጠብታ ሲሹ፣ የአመዳይ ብናኝ በደረቅ ቅጠል ላይ ይበቅላል፤ ኃይለኛ ዝናብ እንዲያውም ያጥበዋል። የሚመቸው እርጥበት ያዘለ አየር፣ ጥላና መተፋፈግ ነው። እንግዲህ «ክረምቱ አለፈ፣ ዱባዬም ዳነ» የሚል ሰው የሚዘናጋው መንቃት በሚገባው ጊዜ ነው።

ጉዳቱ በቅጠሉ ላይ ብቻ አይቀርም። ለፍሬው የሚሆነው ስኳር የሚሠራው በቅጠሉ ስለሆነ፣ ቅጠሉ ያለ ጊዜው ከደረቀ ፍሬው ሳይጣፍጥ፣ ቅርፊቱም ሳይጠነክር ይቀራል። እንዲህ ያለው ዱባ በጓዳ ለወራት አይቀመጥም። ቤተሰቡ ለበጋ ያሰበውን ወጥ ያጣል ማለት ነው።

ስለዚህ መከላከል የሚጀመረው ዘሩ ሲቀበር ነው። በጉድጓዶቹ መካከል ሁለት ሜትር ያህል መተው፣ ተክሉን ከሙዝና ከዛፍ ጥላ ማራቅ፣ ፍጉንም አለማብዛት ይበጃል። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ከግንዱ አጠገብ ያሉትን አሮጌ ቅጠሎች በየሁለት ቀኑ መመርመር ያስፈልጋል፤ በሽታው አስቀድሞ የሚይዘው እነርሱን ነውና። የታመሙት አንድ ሁለት ቅጠሎች ከሆኑ ቆርጦ መቅበር ይቻላል። ግማሹን ሐረግ የሚያራቁት ሰው ግን ከበሽታው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ወተትም ይረዳል። ዋግነር ቤቲዮል የተባለው ብራዚላዊ ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ቢያንስ 10 በመቶ የላም ወተት ያለበት ውሃ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲረጭ የዱባ ዘመድ በሆነው በዝኩኒ ላይ አመዳይን እንደሚገታ አሳይቷል። ወተት በተወደደበት ቤት ምክሩ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለዘጠኝ ኩባያ ውሃ አንድ ኩባያ ወተት ይበቃል።

ከተባዮቹ ይበልጥ የምታስቸግረው የዱባ ዝንብ ናት። እንቁላሏን በለጋው ፍሬ ቅርፊት ሥር ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል ውስጡን በልቶ ያበሰብሰዋል፣ ከዚያም አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ዝንብነት ይለወጣል። የበሰበሰውን ፍሬ ከአጥር ሥር መወርወር ዝንቧን ማርባት ስለሆነ በጥልቅ መቅበር ይገባል። አበባው እንደ ጠወለገም ለጋውን ፍሬ በወረቀት ከረጢት መሸፈን ይቻላል። ከቅጠሉ በታች ለሚሰፍረው ክሽክሽ የሳሙና ውሃ በቂ ነው።

ጠንካራ ተባይ ማጥፊያ መርጨት ግን ሌላ ጥፋት ያስከትላል። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ነው፤ የወንዴውን ብናኝ ለሴቴዋ የምታደርሰው ንብ ናት። አበባው ጎሕ ሲቀድ ተከፍቶ ከቀትር በፊት ይከደናል። ጧት መድኃኒት የረጨ ሰው በጎረቤት ዛፍ ላይ ከተሰቀለው ቀፎ የመጡትን ንቦች ይገድላል፤ ሐረጉም ለምልሞ ሳለ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። የሳሙናው ውሃ እንኳ ቢሆን የሚረጨው አበባው ከተከደነ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ነው።