ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ፤ የአየር ጉዞ ርቀትና የሰዓት አቈጣጠር

ከዱባይ ጋራ የንግድ ግንኙነት ያለው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅና አይሮፕላኑ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሒሳቡን በትክክል ያልያዘ ነጋዴ ግን ለኪሣራ ስለሚጋለጥ ነገሩን ከፋፍሎ መመልከት ይገባል።

ርቀቱ፦ ከቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ዱባይ አይሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቍጥር በምድር ገጽ ላይ ከሁሉ የሚያጥረውን መሥመር ያሳያል። አይሮፕላን ግን በተወሰነለት የአየር መሥመር ስለሚሄድ በእርግጥ የሚበርረው ርቀት ከዚህ ከፍ ይላል።

የበረራው ጊዜ፦ የጄት አይሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ሒሳብ ጉዞው የ3 ሰዓት መንገድ ይመስላል፤ በበረራ ሰሌዳ የሚታየው ግን 4 ሰዓት ያህል ነው። ምክንያቱም ሲወጣና ሲወርድ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ሰሌዳው የሚቈጥረው አይሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንሥቶ በመድረሻው እስኪቆም ድረስ ነው።

የሰዓቱ ልዩነት፦ ዱባይ ከአዲስ አበባ 1 ሰዓት ትቀድማለች። በቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻውም በመድረሻው አገር አቈጣጠር ነው። ስለዚህ የ4 ሰዓቱ በረራ ሲሄዱ 5 ሰዓት፣ ሲመለሱ 3 ሰዓት መስሎ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የቀኑ መለወጫ ነው። እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምረን ስንቈጥር፣ ቲኬቱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቈጥራል። በቲኬቱ ላይ «ማክሰኞ 01:00» ተብሎ የተጻፈው በእኛ አነጋገር የሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» ነው ብሎ የተዘጋጀ ሰው ወደ ማረፊያው የሚደርሰው አይሮፕላኑ ከሄደ ከ1 ቀን በኋላ ነው፤ ቲኬቱም፣ በዚያ የያዘው ቀጠሮም ይበላሻል።

ስለ ጭነት፦ የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩም የክንፉም ኀይል ይቀንሳል፤ ሙቀት ሲጨምርም አይሮፕላኑ ይዞ ሊነሣ የሚችለው ክብደት ሊወሰን ይችላል። ዱባይ ግን በባሕር ጠረፍ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ናት።

የጭነት ዋጋም የሚታሰበው በሚዛን ብቻ አይደለም። በተለመደው ደንብ 6,000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር እንደ 1 ኪሎ ይቈጠራል። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 50፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 20 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል፤ በሚዛን 12 ኪሎ ብቻ ቢመዝንም የሚከፈለው የ20 ኪሎ ነው። ስለዚህ ቀላል ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ በካርቶኑ ውስጥ ባዶ ቦታ እንዳይተርፍ ቢያደርግ ይጠቀማል።

በመጨረሻም የበረራው 4 ሰዓት ዕቃው ከሱቅ እስከ ሱቅ የሚደርስበት ጊዜ አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጭነቱን ማስረከብ፣ ሰነዱን ማዘጋጀትና የጉምሩክን ሥርዓት መፈጸም ከበረራው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳሉ። ለደንበኛው የማስረከቢያ ቀን የሚቈርጥ ነጋዴ እነዚህን ሁሉ ደምሮ ቢነሣ ቃሉ ይጸናል፤ ገንዘቡም ከጉዳት ይድናል።