በየቤቱ ስለሚተከለው የውሃ ማጣሪያ

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር በደን ውስጥ ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ውሃ ከምንጩ ጠርቶ ቢወጣም በመንገድና በማኖሪያው ዕቃ ይበላሻል። በጋሞ ገጠር ከቧንቧ ርቆ ከወንዝ የሚቀዳው ቤተ ሰብማ ልጆቹን ከተቅማጥ ለመጠበቅ ውሃውን በቤቱ ማጣራት ግድ ይሆንበታል።

ለዚህ ከሚረዱት አንዱ መብራት ኃይል የማይሻው የአሸዋ ማጣሪያ ነው። በሲሚንቶ ሣጥን ውስጥ ከታች ጠጠር፤ ከላይ ታጥቦ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ይደረጋል፤ ከአሸዋውም በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ዘወትር ተኝቶ እንዲቀር የመውጫው ቧንቧ በልክ ይሠራል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሲቆይ በአሸዋው ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ይራባሉ፤ የበሽታውን ተሐዋስያን የሚበሉም እነዚሁ ናቸው። እንግዲህ ማጣሪያውን ማድረቅ፤ ወይም ለንጽሕና ብሎ በረኪና ማፍሰስ ሠራተኞቹን መግደል ነው። ፍሰቱ ሲደክም የላዩን አሸዋ በእጅ በቀስታ አማስሎ ድፍርሱን ቀድቶ መድፋት ይበቃል። የጎርፍ ውሃ የሆነ እንደ ሆነ፤ የአገሩ ሰው ቅጠሉን የሚመገበው የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ቢገባበት ጭቃውን ያዘቅጠዋል። የተጣራውንም በመቅጃው ጀሪካን መልሶ ማኖር ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

በስምጥ ሸለቆ በአንዳንድ ጉድጓድ የሚገኘውን፤ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ግን አሸዋም ማፍላትም አያስወግዱትም። ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰው ማጣሪያ ሳይተክል አስቀድሞ ውሃውን ማስመርመር ይገባዋል፤ በ1979 ዓ. ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተቋቋመባት ከተማ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ሩቅ አይደለም።